የፋሮ ደሴቶች ሽማግሌዎችና የኩፍኝ በሽታ

በስኮትላንድና በአይስላንድ መካከል፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ፋሮ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. አንድ አናጢ ከኮፐንሃገን በመርከብ ተሳፍሮ ወደዚያ ደረሰ፤ ጥቂት ቀንም ሰንብቶ በኩፍኝ ታመመ። የደሴቶቹ ሕዝብ 8 ሺህ አይሞላም ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 6 ሺህ ያህሉ በጥቂት ወራት ጊዜ በበሽታው ተያዘ። ልጅ ብቻ ሳይሆን ጎልማሳውም አብሮ ተኛ።

የዴንማርክ መንግሥት ፔተር ሉድቪግ ፓኑም የሚባል የ25 ዓመት ሐኪም ላከ። ይህም ወጣት ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ፣ እያንዳንዱ በሽተኛ ከማን ጋር በየትኛው ቀን እንደ ተገናኘ እየጠየቀ ጻፈ። ሰው በሽታው ከተላለፈበት ቀን ጀምሮ ሽፍታው እስኪወጣበት ድረስ 13 ወይም 14 ቀን ያህል እንደሚቈይ በዚህ ዐወቀ። ዳሩ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የሽማግሌዎቹ ነገር ነው። ኩፍኝ ከዚያ በፊት በደሴቶቹ የታየው በ1781 ነበርና፣ ያን ጊዜ በልጅነታቸው ታመው ከዳኑት ሽማግሌዎች መካከል 65 ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ስንኳ ዳግመኛ አልተያዘም።

ነገር ግን ይህ ጥበቃ በውድ ዋጋ የሚገኝ ነው። ኩፍኝ ሕፃኑን በሳንባ ምች ይገድላል፣ ዐይኑንም ያጠፋል። ከዚህም በላይ በ2019 የታተሙ ምርመራዎች እንደ ገለጡት፣ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ደሙ አስቀድሞ በሌሎች በሽታዎች ላይ ያገኘውን መከላከያ በብዙ ያሳጣዋል። ስለራሱ ትዝታ ትቶ የሌላውን ሁሉ ትዝታ የሚሰርቅ ክፉ እንግዳ ነው።

በ1954 ጆን ኤንደርስና ቶማስ ፒብልስ በቦስቶን ከአንድ ታማሚ ልጅ የኩፍኙን ቫይረስ ለይተው አወጡ፤ በ1963ም የመጀመሪያው ክትባት በአሜሪካ ተፈቀደ። የተዳከመው ቫይረስ ለሰውነት የፋሮን ሽማግሌዎች ዕውቀት ያለ ሕማማቸው ይሰጠዋል።

በኢትዮጵያ ልጅ ክትባቱን በ9 ወር፣ ሁለተኛውንም በ15 ወር ይወስዳል። ቀደም ብሎ ቢሰጥ፣ ሕፃኑ ከእናቱ የተቀበለው መከላከያ ክትባቱን ያከሽፈዋል፤ ያ መከላከያ ራሱ ደግሞ ወር በጨመረ ቍጥር እየደከመ ይሄዳል። በዚህ ክፍተት ሕፃኑን የሚጠብቁት በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው፤ ከመቶው 95ቱ ካልተከተቡ በሽታው መንገድ አያጣም። የታመመውን ልጅ በጓዳ መጋረድ መልካም ነው፤ ሆኖም የሚዘገይ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ በሽታው ይተላለፋልና፤ በሽተኛው ከወጣ በኋላም እስከ 2 ሰዓት ድረስ በቤቱ አየር ውስጥ ይቈያል።

ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቤት ድግስ አለ፤ ዘመድ ከሩቅ መጥቶ ሕፃኑን ይቀባበላል። ከዘመዶቹም ልጆች አንዱ ትኵሳትና ሳል ይዞት፣ ዐይኑ ቀልቶ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል። ብርድ ነው ይባላል። ሽፍታው የሚወጣበት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እናቱን ስለ ክትባት ካርዱ የጠየቃት የለም፤ አራሷም ሕፃኑን እንዲስመው ወደ እርሱ ታቀርበዋለች።