ከባሕሩ በፊት ጠባቂውን

እኛ ደገኞች ውሃን የምናውቀው በእንስራ፣ በምንጭና በክረምት ጎርፍ ነው። ስለዚህ ባሕር ባየን ጊዜ ከሁለት አንዱን እንሆናለን፤ ወይ ፈርተን ከሩቅ እንቆማለን፤ ወይም እንደ ሕፃን ተደስተን ዘለን እንገባለን። ሁለቱም ዕውቀት አይደለም። ዛሬ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሞምባሳ፣ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ዱባይ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ስላለ፣ ያየሁትንና የተማርሁትን ላጫውትዎ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ እስራኤል አገር በናታንያ ከተማ የሚኖሩትን አክስቴን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። ናታንያ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር በገደል ጫፍ ላይ የተሠራች ከተማ ስትሆን፣ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባታል። አክስቴ ጎንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ሦስቱ ልጆቻቸው ግን እዚያው ስለ ተወለዱ በየጧቱ ባሕር ካልሄድን እያሉ ቤቱን ይረብሹታል።

ክርክሩ የተነሣው በቦታው ምርጫ ነው። የአክስቴ ባል ሰው የማይበዛበትን፣ መኪና በነፃ የሚቆምበትን ጸጥ ያለ ዳርቻ መረጡ። አክስቴ ግን፣ «ሰው በሌለበት ማን ይደርስልናል?» አሉ። እኔም ለአክስቴ ፈረድሁ።

ስለ ምን ቢሉ፤ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኞቹ ጋራ ወደ ሐይቅ ሄዶ ሳይመለስ ቀርቷል። ጎበዝ ሯጭ ነበር። ጓደኞቹ አጠገቡ ነበሩ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው መዋኘት የሚችል አልነበረም፤ ከዳር ሆኖ የሚጠብቅም አልነበረም። ወንበሩ እስከ ሰኔ ድረስ ባዶውን ቆየ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከነዚህም ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው።

በእስራኤል የመታጠቢያ ቦታዎችን የሚመለከት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጥቷል። መዋኘት የሚፈቀደው ነፍስ አዳኝ ዋናተኛ በተመደበበት ዳርቻ፣ ጠባቂው ባለበት ሰዓት ነው። በሌላው ቦታ መዋኘት ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ይተከላል። ስለዚህ ሲሮኒት ወደሚባለው ዳርቻ በአሳንሰር ወረድን። ጠባቂዎቹ ከፍ ካለ ጎጆ ላይ ሆነው ባሕሩን ይቃኛሉ። አንድ ጎረምሳ ወደ ድንጋዩ ግንብ ሲጠጋ፣ እናቱ ሳታየው የጠባቂው ድምፅ በማጉያው ነጐደና ልጁ አፍሮ ተመለሰ።

ከጎጆው ላይ የሚሰቀለውን ባንዲራ ማንበብ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። እኔ በሄድሁበት ጊዜ በእስራኤል ነጭ ሲሆን ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ቀይ ሲሆን አደገኛ ነበር፤ ጥቁር ሲሆን መግባት ክልክል ነበር። ነገር ግን የአንዱ አገር ባንዲራ ለሌላው አይሠራም። በብዙ አገሮች ቀዩ ራሱ «አትግቡ» ማለት ሲሆን፣ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች ደግሞ በመካከላቸው ያለው ውሃ የሚጠበቅ መሆኑን ያመለክታሉ። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት፣ ጸጥ ያለ የሚመስል ውሃ ሁሉ ደግ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተመልሶ መውጫ ይፈልጋል፤ ጠባብ መንገድ ባገኘ ጊዜም እንደ ወንዝ ወደ ጥልቁ ይሮጣል። በዚያ መንገድ ላይ ማዕበሉ ብዙ ስለማይሰበር፣ ላላወቀ ሰው ከሁሉ የተመቸ ቦታ ይመስለዋል። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ጅረት የያዘው ሰው ፊት ለፊት ቢታገለው ይደክማል፤ ይልቁንስ ተንሳፎ፣ እጁን አንሥቶ ቢጣራ፣ መዋኘት ከቻለም ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኘ ከጅረቱ ቢወጣ ይሻለዋል።

ሆኖም ጠባቂ አለ ብሎ ወላጅ አይተኛም። በመጻሕፍትና በሲኒማ እንደምናየው የሚሰጥም ሰው ሁልጊዜ አይጮኽም፤ ሕፃን ልጅ ድምፅ ሳያሰማ በጥቂት ጊዜ ይሰጥማል። ስለዚህ ለትንሹ ልጅ ከወላጆች አንዱ ተራ ገብቶ፣ ክንዱ ከሚደርስበት ሳይርቅ ስልኩን አስቀምጦ ይጠብቅ። በአየር የሚነፋው መንሳፈፊያም መጫወቻ እንጂ ዘበኛ አይደለም፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። አክስቴ ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው፦ «ጠባቂው ከጎጆው ሲወርድ እኛም ከውሃው እንወጣለን።» ከዚህ የተሻለ ደንብ እስካሁን አልሰማሁም።

አንባቢ ሆይ፤ እኛ ዛሬ የባሕር በር ባይኖረንም፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳና ቢሾፍቱ አሉን፤ የሆቴል መዋኛም አለን። ለቤተ ሰብዎ ቦታ ሲመርጡ ስለ አልጋውና ስለ ምግቡ ከመጠየቅዎ በፊት፣ «ውሃውን የሚጠብቅ ማን ነው? መዋኘትስ ያውቃል?» ብለው ይጠይቁ። ጠያቂ ሲበዛ ባለ ሆቴሉም ጠባቂ መቅጠሩ አይቀርም። እስከዚያው ድረስ ግን ልጅዎን ዋና ያስተምሩት፤ ፊደል የቈጠረ ልጅ ውሃንም ማንበብ ይገባዋል።