የምስር ሳምቡሳና የበዓል ሰሃን

በዓል በደረሰ ቁጥር በኪራይ ቤታችን የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ምን ይሠራ? በምን ገንዘብ? ለዶሮ የተዋጣው ለሽንኩርቱና ለቅቤው ሳይደርስ ይቀራል። ድፎ ዳቦ ይጋገር ቢባል ኮባው አለ፣ ከሰሉ አለ፣ እሳቱን የሚጠብቀው ሰው አለ። እኔ በበኩሌ መልሱን ያገኘሁት ሠልጣኝ ሳለሁ፣ ጀጎል ውስጥ ከተከራየንበት ግቢ ነው። መልሱም ሳምቡሳ ነው፤ ያውም የምስሩ።

ሐረር ላለ ሰው ስለ ሳምቡሳ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት እንደሚሆን አውቃለሁ። ስሙ ከፋርስ የመነጨ ነው፤ ሕንዶች ሳሞሳ፣ ሶማሌዎች ሳምቡስ ይሉታል። ኢብን ባቱታ የተባለው ተጓዥ በ14ኛው መቶ ዓመት (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በዴልሂ ቤተ መንግሥት ሥጋና ለውዝ የተሞላ ሳምቡሳ ይቀርብ እንደነበር ጽፏል። እኛ ዘንድ ለውዝ አልነበረም። ሥጋውም ቢኖር ኖሮ ችግር ነበር፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኙ። ፋሲካ ሚያዝያ 16 ዋለ፤ ዒድ አልፈጥር ደግሞ ሚያዝያ 24። ዓመቱ የዘይት ዋጋ ሰውን ሁሉ ያስጮኸበት ዓመት ነበር። እኛ አራት ሠልጣኞች አገር ቤት የምንሄድበት መሳፈሪያ ስላልነበረን በዓሉን እዚያው ግቢ ለመዋል ወሰንን። የቤት አከራያችን በረመዳን ማታ ማታ ከራሳቸው ማፍጠሪያ ላይ ለእኛ በሰሃን ይልኩልን ነበር። «የምስር ነው፤ የጾማችሁ ነው፤ ብሉ» ይሉናል። ለእኛ ብለው ሥጋውን እየተዉ ምስር ይሞሉ እንደነበር የነገረችን ትንሿ ልጃቸው ናት።

እንግዲህ በእኛ አገር የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ፋሲካ ሲቃረብ የእትዬ ሰሃን እኛ ዘንድ ተቀምጧል። ምን ይደረግበት? ዶሮ ወጥ እንዳይባል፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስናወራው ግን ብዙም አንሰማም። አንዱ ጓደኛችን «ከረሜላ ገዝተን እንላክ፣ አለቀ» አለ። እኔ የምስር ሳምቡሳ እንሥራ ብል ሦስቱም ጮኹብኝ።

«ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ምስር በልተን ለፋሲካም ምስር? አንተ ሰው ጤና የለህም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ነገሩን የፈቱልን እትዬ ራሳቸው ናቸው። በር ላይ ቆመው ክርክሩን ሰምተው ኖሮ «እንቁላል ጨምሩበታ!» አሉን፤ «እንቁላልን ማን ያርደዋል?»

አራታችንም ተያየን። እንቁላል ያለበት ሳምቡሳ ለእኛ ፍስክ ነው፣ ለእሳቸውም የሚበላ ነው። ድስቱን፣ ምጣዱንና የሊጥ መዳመጫውን ከማድቤታቸው አውጥተው ሰጡን። የራሳቸው ዕቃ መሆኑ እኛንም እሳቸውንም ከሌላ ጥያቄ አዳነን።

አሠራሩን እንደተማርኩት ልጻፈው። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር፣ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 6 እንቁላል፣ ጥቂት ቃሪያ፣ ጨውና ዘይት። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህ ወረቀት ሳይነቀል ይለወጣል። ምስሩ ድፍን መሆን አለበት፤ ክኩ ይቦካል። ሲቀቀል ሳይፈርስ ወርዶ ውሃው ጥንፍፍ ብሎ ይውጣ። ውሃ የያዘ ምስር ሊጡን ይቀደዋል፣ ዘይቱንም ያንጨረጭረዋል። ሽንኩርቱና ቃሪያው ደቅቀው ከምስሩ ጋር ይለወሳሉ፤ እንቁላሉ ተቀቅሎና ተከትፎ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ሊጡ በለብታ ውሃ፣ በጨውና በጠብታ ዘይት ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፤ ግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ይረፍ። ከዚያ 20 ድብልብል ይወጣዋል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ድብልብል ጠፍጠፍ አድርጎ በመካከላቸው ዘይት ቀብቶ ዱቄት መነስነስና አንድ ላይ መዳመጥ። ከዚያ ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ አሳርፎ ትኩስ ሳለ ማላቀቅ። ስሱ ሊጥ የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ለየብቻ ቢዳመጥ ያን ያህል አይሳሳም። እያንዳንዱ ክብ ለሁለት ይቆረጣል፤ 40 ሳምቡሳ ማለት ነው። እንደ ቆሎ ጥቅልል ወረቀት ተጠቅልሎ ይሞላና አፉ በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ይለጠፋል።

ገንዘቡ የሚያልቀው በምስሩ ሳይሆን በዘይቱ ነው። ስለዚህ ሰፊ መጥበሻ አትጠቀሙ። በጠባብ ድስት ውስጥ ግማሽ ሊትር ዘይት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሦስት ሦስት እያሉ መጥበስ ነው፣ ሲጎድል ጥቂት መጨመር። ቁራሽ ሊጥ ጣል ሲደረግ ቶሎ ተንሳፍፎ አረፋ ካወጣ ደርሷል። ዘይቱ ሳይግል የገባ ሳምቡሳ ዘይቱን ይጠጣዋል፤ ያኔ ኪሳራው ድርብ ነው። የተረፈው ዘይት ተጠልሎ ለወጥ ይሆናል።

የፋሲካ ዕለት እትዬ ገና ጾመኛ ናቸው። ስለዚህ ሰሃኑን ይዘን የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ደጃፋቸው ላይ ቆየን። አንዱን ገመጡና «ጨው ጎድሎታል» አሉ፤ ሁለተኛውን አነሱ። ልጃቸው ሦስት ወሰደች።

ከዒድ በኋላ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲያልቅ ሸዋል ዒድ ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ይህ በዓል በሐረር ትልቁ የእንግዳ ጊዜ ነው። እትዬ ያን ሰሞን አራታችንንም ጠርተው ሊጥ አስዳመጡን። እንግዳው ብዙ፣ ሥጋው ውድ ነበርና ግማሹን ትሪ የእንቁላሉን አደረጉት። ለእኛ የሚሆነውን ለብቻው መለየት አላስፈለጋቸውም።

መዳመጫ የሌላችሁ ልሳኑ የተላጠ ክብ ጠርሙስ ይበቃል፤ ዱቄት መነስነሱን ብቻ እንዳትረሱ።