ወደ አንገር ጉቲን ሸለቆ ምን ዓይነት ካሜራ ይዞ መውረድ ይሻላል?

ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፣ ብዙ ሳይቆይ ደጋውን እየተወ ወደ ቆላ መውረድ ይጀምራል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናብ የጠገበች ከተማ ስለ ሆነች ጋቢ የሚያስፈልግባት ቀን ብዙ ነው። ኡኬ ከታለፈ በኋላ ግን ጋቢው ይታጠፋል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ሰፊው የአንገር ሸለቆም ይገለጣል። የአንገር ወንዝ ወደ ዲዴሳ፣ ዲዴሳም ወደ ዐባይ ይገባል። ቦታው ቀድሞ ወባና የከብት ገንዲ የበረታበት ስለ ነበረ ነዋሪው ጥቂት ነበር። በደርግ ዘመን የሰፈራ ጣቢያ ሆኖ ከሩቅ አገር የመጡ ብዙ ቤተ ሰቦች መሬቱን መንጥረው አረሱት። በቆሎው፣ ሰሊጡና ማንጎው የሚታየው በዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በዚህ አካባቢ ብዙ ደም ፈሷል፤ ብዙ ሰውም ከቤቱ ተፈናቅሏል። እንግዲህ አንገር ጉቲን ተወልዶ ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ከዚያ ርቆ የሚኖር ሰው የአገሩን መልክ በፎቶግራፍ ይዞ ለመመለስ ቢያስብ፣ ይህን ጉዞ በየዓመቱ አያገኘውም። መንገዱ ሰላም መሆኑን በነቀምቴ ጠይቆ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያች አንድ ጊዜ በእጁ ያለው ካሜራ ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ገንዘቡም ቢሆን የተቆጠረ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን ማለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ኪሱ ለከባድ ካሜራና ለብዙ ሌንስ ለማይበቃው ሰው የሚመከረው ብሪጅ ካሜራ የሚባለው ነው። ብሪጅ ማለት ድልድይ ነው፤ በኪስ ካሜራና ሌንሱ እየተፈታ በሚለወጠው በትልቁ ካሜራ መካከል ስለ ቆመ ይህ ስም ወጣለት። ሌንሱ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከቅርቡም ከሩቁም ያነሣል። (በስሙ ተታሎ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ዘበኛውን ሳያስፈቅድ የሚያነሣ ሰው ግን ከካሜራው ጋር ጥቂት ሰዓት ተቀምጦ ማስረዳት ይኖርበታል።)

ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳየው የሩቁን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኒኮን ፒ 900 እስከ 2,000 ሚሊሜትር፣ በ2018 የወጣው ፒ 1000 ደግሞ እስከ 3,000 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ጨረቃን ከነጉድጓዷ አቅርበው ያሳያሉ። ገዢው ይህን አይቶ አፉን ይከፍታል፤ ቦርሳውንም ይከፍታል። እኛ ግን ሸለቆውን እናስብ። በአንገር ሜዳ ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ምድሩ ሲግል አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ከሩቅ የተሳበ ዛፍ የቀለጠ ሰም መስሎ ይወጣል። ይህን የሚያድን ሌንስ የለም። ከዚህም በላይ ፒ 900 ሮው የሚባለውን ያልተነካ የምስል መዝገብ አያስቀምጥም፤ ብሩህ ሰማይና ጨለማ ሸለቆ በአንድ ፎቶግራፍ ሲገናኙ ደግሞ ቤት ገብቶ ለማስተካከል የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

ለመልክዐ ምድር የሚጠቅመው ሰፊው ወገን ነው። በ2017 የወጣው ፓናሶኒክ ኤፍ ዜድ 82 ከ20 ሚሊሜትር ይጀምራል፤ ከ24 እና ከ25 የሚጀምሩት የማይዙትን የሸለቆ ዳር በአንድ ጊዜ ይይዛል። ሮውም ያስቀምጣል። ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 400 ዶላር ነበር። ጉድለቱም መነገር አለበት፤ በዐይን የሚታይበት መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ደግሞ 28 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። መስኮቱን በ2024 በወጣው ኤፍ ዜድ 82 ዲ ላይ አሻሽለውታል።

ሁለተኛው ምርጫ በ2014 የወጣው ኤፍ ዜድ 1000 ነው። ይህ ሲወጣ 900 ዶላር ነበር፤ ዛሬ ግን የሚፈለገው ከሁለተኛ እጅ ነው። ሴንሰሩ 116 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከፊተኛው አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ከ25 እስከ 400 ሚሊሜትር መድረሱ ለሻጭ አያኮራ ይሆናል፤ ለአንገር ግን ይበቃል። የኔን ፍርድ ለሚጠይቅ ሰው፣ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የምመርጠው ይህን ነው። ሶኒ አር ኤክስ 10 ከዚህ ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ነው፤ ነገር ግን በ2017 የወጣው አራተኛው ዓይነት 1,700 ዶላር ስለ ነበረ የዛሬው ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም።

ንጹሕ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ዙሙ ሲወጣና ሲገባ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራ ይገባል፤ ሌንሱ ስለማይፈታ አቧራውን በቀላሉ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ገዢው ብር ከመቁጠሩ በፊት የብርሃን መግቢያውን ወደ 8 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ያንሣ፤ ምስሉን አጉልቶ ሲያይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየው እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይመልሰው። ዙሙንም ደጋግሞ ያስወጣው፤ ያስገባው፤ ድምፁ የሚንቃቃ ከሆነ ነገሩ ቀርቧል። የቆላው መንገድ አቧራማ ስለ ሆነ ከገዛ በኋላም በመኪና ውስጥ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ያስፈልጋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከኅዳር በኋላ ሣሩና የማሳው ቅሪት ሲቃጠል ጭሱ ሸለቆውን ይሸፍነዋል፤ ማዶው አይታይም። የዝናቡ ኀይል ሲቀንስ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ አየሩ ታጥቦ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሆኖ ማለዳ አንድ ሰዓት ገደማ ሲታይ ጉም ወንዙን ተከትሎ ይተኛል። ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎ፣ ትንሽ ሴንሰር ካለው የብርሃን መግቢያውን በ4፣ ትልቅ ካለው በ5.6 አካባቢ ይተወው፤ ከዚህ ይበልጥ ማጥበብ በነዚህ ካሜራዎች ምስሉን ያደበዝዛል። ጉሙ ነጭ ብቻ ሆኖ እንዳይጠፋ ብርሃኑን በጥቂቱ መቀነስ፣ አንሺውም ራሱ በሁለት ሰከንድ ዘግይቶ እንዲያነሣ ማዘዝ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጉሙ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ወደ ጉቲን ገበያ ወርዶ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ የሸቀጡን ክምር ማንሣት ይቻላል።