ድህነት በወረቀት፣ እርዳታ በቀጠሮ

አሜሪካን በፊልም ለምናውቃት ሰዎች፣ እዚያ አገር ችግረኛ ቢኖር ጎዳና ላይ የተኛው ብቻ ይመስለናል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዘመዶቼ ዘንድ ከርሜ ያየሁት ችግረኛ ግን መኪና ይነዳል፤ ስልኩ ከእኔ ስልክ ይበልጣል፤ ጎህ ሳይቀድ ሥራ ይገባል። ወሩ ሲያልቅ የቤት ኪራዩ ደመወዙን ጠርጎ ይበላበትና የማሞቂያው ሂሳብ ሜዳ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው የት ይሄዳል? ኑ፣ አብረን እንሂድ።

የአክስቴ ልጅ ጎረቤት የሆኑ አንዲት ሐበሻ እናት የማሞቂያው ሂሳብ ከብዷቸው በአካባቢው የእርዳታ ቢሮ «አፖይንትመንት» ይዘው ነበር። ቀጠሮ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ያለ እሱ ወንድም እንኳ ወንድሙን አይጠይቅም። «እማማ፣ ለእድሩ ለምን አይነግሩም?» አልኳቸው መንገድ ላይ። «ውይ ልጄ፣ እድር እኮ ለሐዘን ነው። በቁሜ ብርድ ሊገድለኝ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ላውራ?» አሉኝ። ይሉኝታ ውቅያኖስ ተሻግሮም አልለቀቃቸውም።

በሩን ስንገፋ የጠበቅሁት ዘበኛ፣ ወረፋና «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል መልስ ነበር። ያገኘሁት ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጥግ ላይ የልጆች መጫወቻ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የቋንቋዎች ዝርዝር ነው። ጣትን በቋንቋ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው፤ አስተርጓሚ በስልክ ይቀርባል። ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ጋር አማርኛ ተሰልፏል! ለካ ሐበሻ በበዛበት በዚህ አካባቢ ነገሩ ብርቅ አይደለም። ጎረቤቷ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ መሠረት (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) መሥሪያ ቤቶቿ ወረቀት ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ለእኔ ግን ብርቅ ነበርና ደረቴ ተነፋ።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) ካርድ፣ «ሊዝ» (የኪራይ ውል)፣ የማሞቂያው «ቢል» (የክፍያ መጠየቂያ) እና የመጨረሻው 30 ቀን «ፔይ ስተብ»፣ ማለትም አሠሪው ከደመወዝ ጋር የሚሰጠው ዝርዝር። የማን ልጅ ነሽ፣ ማን ያውቅሻል የሚል የለም። እኛ አገር ነፃ ሕክምና የሚፈልግ ሰው ቀበሌ ይሄዳል፤ ድህነቱን ጎረቤት ይመሰክርለታል። እዚህ ምስክሩ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ አያማም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ሁሉንም አቆመ፤ «ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» እማማ ዝም አሉ። ሥራ እስኪያገኝ ሶፋቸው ላይ የሚያድር የወንድማቸው ልጅ አለ። ይቆጠራል? ቅዳሜና እሁድ እየመጣች የምታድረዋ ልጅስ? ሠራተኛዋ በእንግሊዝኛ፣ አስተርጓሚው በስልክ፣ እማማ በእጅ ምልክት ተከራከሩ። የሐበሻ ቤት በር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለፈረንጅ ቅጽ ማስረዳት ከወረቀቱ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ ልጁ ገባ፣ የቅዳሜዋ እንግዳ ወጣች።

ለምን እንዲህ ይጨነቃሉ ብትሉ፣ ድህነት እዚህ በቤተሰብ ቁጥር የሚለካ ስለሆነ ነው። መስመር አለው። ያሰመረችው ሞሊ ኦርሻንስኪ የምትባል የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ስትሆን፣ ዘመኑ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በጊዜው ቤተሰብ ከገቢው ሲሶ ያህሉን ለምግብ ያወጣ ስለነበር፣ የቆጣቢ ቤተሰብን የምግብ ወጪ በሦስት አባዛችው። ያ ስሌት ከኑሮ ውድነት ጋር እየተስተካከለ እስከ ዛሬ ይሠራል። በ2025 መስመሩ ለአንድ ሰው በዓመት 15,650 ዶላር፣ ለአራት ሰዎች ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር። እጃችሁ ወደ ስልካችሁ ሄዶ ወደ ብር እየመነዘራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም መንዝሬ «እንዲህማ ከሆነ እኔንም ደሃ አድርጉኝ» ብያለሁ። የአክስቴ ልጅ የኪራይ ውሏን አውጥታ ስታሳየኝ ግን አፌን ያዝኩ።

እማማ ያመለከቱበት ፕሮግራም በአጭሩ «ላይሂፕ» ይባላል፤ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ድጋፍ ነው። በ1981 በወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች «ግራንት»፣ ማለትም ለተወሰነ ዓላማ የሚውል የማይመለስ ገንዘብ፣ ይሰጣል፤ ክልሎቹ በአካባቢ ቢሮዎች በኩል ያድሉታል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በእማማ እጅ አያልፍም፣ በቀጥታ ለኃይል አቅራቢው ኩባንያ ይከፈላል። በጣም የገረመኝ ሰዓቱ ነው። አገልግሎቱ ሊቋረጥበት የደረሰ ወይም ማሞቂያ ያጣ ቤተሰብ ሲያመለክት በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ በ18 ሰዓት ውስጥ መፍትሔ እንዲያገኝ ሕጉ ያዛል። ለእኛ ብርድ ማለት ጋቢ ደርቦ ከሰል ማቀጣጠል ነው፤ እዚህ ግን በረዶው ቧንቧ ያፈነዳል፣ ሰው ይገድላል።

ሁለተኛው ግርምቴ ቤት ማሸግ ነው። «ዌዘራይዜሽን» ይሉታል፤ ቤትን ከብርድና ከሙቀት መጠበቅ ማለት ነው። በ1976 የተጀመረ ሲሆን ገንዘቡ ከኢነርጂ ሚኒስቴር ይመጣል። ባለሙያዎች መጥተው ዋናው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጥማሉ፤ ማራገቢያው አየሩን ከቤቱ ሲስብ ንፋስ በየት ስንጥቅ እንደሚገባ ይታወቃል። ከዚያ ስንጥቁን ይደፍናሉ፣ ኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚይዝ ነገር ያለብሳሉ፤ ለባለቤቱ በነፃ። በየዓመቱ ሂሳብ ከመክፈል ቀዳዳውን አንዴ መድፈን ይሻላል የሚል ብልሃት ነው። እኛም በክረምት በጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት እናድሳለን፤ ቆርቆሮው ተቀይሮ፣ ጭቃው ተመርጎ፣ ሪባን ተቆርጦ። እዚህ ሥራው ሲሠራ ባየሁበት ቤት ሪባንም ካሜራም አልነበረም። የቡና ሥነ ሥርዓትም የለም፤ ሠራተኞቹ አስፈርመው ሄዱ። ትንሽ ከፋኝ። ቤት ታድሶ ቡና ሳይፈላ!

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? በ1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በድህነት ላይ ጦርነት አወጁ፤ በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ በየአካባቢው «ኮሚዩኒቲ አክሽን ኤጀንሲ» የሚባሉ ማኅበረሰቡን የሚያግዙ ድርጅቶች ተቋቋሙ። ዘመቻውን የመሩት ሰው ሳርጀንት ሽራይቨር ናቸው። ስሙን ለማታውቁት፣ የፒስ ኮር የመጀመሪያ ዳይሬክተር እሳቸው ነበሩ። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ አባቶቻችንን እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስተማሩትን ወጣት ፈረንጆች የላከው ድርጅት ማለት ነው። ዓለም ጠባብ ናት።

ዛሬ እነዚህ ድርጅቶች አንድ ሺህ ያህል ናቸው። የጀርባ አጥንታቸው በ1981 የተደነገገ «ብሎክ ግራንት» ነው፤ የእኛ የድጎማ በጀት ዘመድ ነው ልበል፣ በጥቅል ተሰጥቶ አካባቢው እንደ ችግሩ ያውለዋል። ክልሉ ከሚደርሰው ቢያንስ 90 በመቶውን ወደ ታች ማውረድ ግዴታው ነው። አንዱ ቢሮ በገንዘቡ ለሥራ ፈላጊ ሥልጠና ይሰጣል፤ ሌላው ምግብ ያድላል፤ ሌላው የግብር ቅጽ በነፃ ይሞላል።

እኔን የማረከኝ ግን የቦርዱ አሠራር ነው። ሕጉ እንደሚለው ከቦርዱ መቀመጫ ሲሶው የተመረጡ ባለሥልጣናት ናቸው፤ ቢያንስ ሲሶው ራሳቸው ድሆች የመረጧቸው ወኪሎች፤ ቀሪው ከነጋዴው፣ ከሃይማኖት ተቋማትና ከመሳሰሉት። ደሃው ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል በሚባልበት ጠረጴዛ ዙሪያ ከባለሥልጣኑ እኩል ድምፅ አለው! ድሆች በፕሮግራሙ በተቻለ መጠን ይሳተፉ የሚለው ሐሳብ ከጅምሩ የነበረ ነው፤ በ1960ዎቹ ከንቲባዎችን ክፉኛ አስቆጥቶም ነበር። ቢያስቆጣ አይገርምም። እኛ አገር ችግረኛ በመድረክ ላይ የሚታየው ዘይትና ዱቄት ሲቀበል ነው፤ እጁን አውጥቶ «በጀቱ ይህን ያህል ይሁን» ሲል አላየሁም።

ሁሉ ወርቅ እንዳይመስላችሁ። ላይሂፕ ገንዘቡ ሲያልቅ ያልቃል፤ ብቁ የሆነ ሁሉ አያገኝም። በጀቱ በየዓመቱ ኮንግረስ ፊት ይቀርባል፤ ከሁለቱም ፓርቲ የመጡ ፕሬዚዳንቶች የብሎክ ግራንቱ ገንዘብ እንዲቀነስ ወይም ጭራሹኑ እንዲቀር ጠይቀው ያውቃሉ። ደመወዙ ፕሮግራሙ ካስቀመጠው የገቢ ጣሪያ በጥቂት ዶላር ያለፈ ሰው ደግሞ በባዶ እጁ ይመለሳል። ወረቀት አያማም ብያለሁ፤ አያዝንምም። በእኛ ሰፈር ቢሆን ጎረቤት «እሷማ ተቸግራለች» ብሎ አንድ ሰሃን ሽሮ ያሻግር ነበር።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ሽሮ የሚያሻግረውን ጎረቤታችንን በምንም አልለውጠውም። ከአሜሪካ አንድ ነገር ወደ አገሬ ውሰድ ብባል ግን በቦርዱ ውስጥ ያለችውን የደሃውን ወንበር እወስዳለሁ።

በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህ ገንዘብ ከከፈላችሁት ግብር የወጣ ነው፤ ውለታም የለበትም። የመኖሪያ ፈቃድ ነገር የሚያሳስባችሁ አስቀድማችሁ ጠበቃ ጠይቁ፤ ደንቡ እንደየፕሮግራሙ ይለያያልና። ሌሎቻችሁ በይሉኝታ በብርድ አትቀመጡ። 211 ብላችሁ ደውሉ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ።