ዘፈኑ ቀድሞ፣ ታሪኩ ተከትሎ

ፊልም እናውቃለን ለሚሉ ሰዎች «ማማ ሚያ!»ን ወደድኩት ብትሏቸው ይስቁባችኋል። ዘፈን መሸጫ እንጂ ፊልም አይደለም ይሏችኋል።

ምክንያት አላቸው። ዘፈኖቹ ቀድመው የነበሩ ናቸው፤ «አባ» የተባለው የስዊድን ቡድን በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ የሠራቸው። ካትሪን ጆንሰን የተባለች ጸሐፊ እነሱን የሚያገናኝ ታሪክ ፈጠረችላቸው። በ1999 ለንደን ላይ መድረክ ላይ ወጣ፣ በ2008 ፊልም ሆነ። ታሪኩም ቀላል ነው፦ በአንዲት የግሪክ ደሴት የምታገባ ልጅ የእናቷን የድሮ ማስታወሻ ታነብና፣ አባቷ ሊሆኑ የሚችሉ ሦስት ወንዶችን እናቷ ሳታውቅ ሠርጓ ላይ ትጠራለች። አንዳንዱ ዘፈን በግድ እንደገባ ያስታውቃል። ፒርስ ብሮስናንማ የዓመቱ መጥፎ ተዋንያን የሚመረጡበትን የራዝቤሪ ሽልማት ተሸክሟል።

እኔን የያዘኝ ግን አንድ ዘፈን ነው፤ «ስሊፒንግ ስሩ ማይ ፊንገርስ» ይባላል። ግጥሙን የጻፈው የቡድኑ አባል ቢዮርን ኡልቬዎስ ነው፤ ትንሽ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እያየ። በ1981 ሲወጣ የዘፈነችው ደግሞ የልጅቷ እናት አግኔታ ፌልትስኮግ ናት። ያኔ ሁለቱ ተፋተው ነበር። አባት ጻፈ፣ እናት ዘፈነች፣ ቤቱ ግን ፈርሷል።

እኔም ትምህርት የጀመረች ልጅ አለችኝ። ጠዋት በር ላይ ስንደርስ እጇን ከእጄ መንጭቃ ትሮጣለች፤ ዞር ብላ እንኳ አታየኝም። ደስ ይለኛል፤ ሆዴ ደግሞ ባር ባር ይላል።

ፊልሙ ላይ ይህንን ዘፈን ሜሪል ስትሪፕ ትዘፍነዋለች፣ ልጇን ለሠርጓ እያለባበሰች። የደብተር ቦርሳ ያንጠለጠለችው ልጅ ሙሽራ ሆናለች። ከዚያ ፊልሙን ሙሉ አባቷን ስትፈልግ የከረመችው ልጅ፣ በአባት ወግ ይዘሽ የምታስረክቢኝ አንቺ ሁኚ ብላ እናቷን ትጠይቃለች።

እዚህ ላይ ዘፈኑ በግድ የገባ አይመስልም። ዕድሜ ነው የተጨመረበት። በ1981 በትምህርት ቤት ልጅ የዘፈኑት ወላጆች፣ ፊልሙ ሲወጣ እነሱም ልጆቻቸውን ድረው ሊሆን ይችላል። አዲስ የተጻፈ ዘፈን ያንን ሁሉ ዓመት ይዞ ሊመጣ አይችልም።

ስለዚህ ንግድ ነው ለሚሉኝ አልከራከርም፤ ነው። ያችን ትዕይንት ግን ልጅ ያላችሁ እዩዋት። ብሮስናን ሲዘፍን ድምፁን ቀነስ ማድረግ ይቻላል።