ማር የነካ ጣት

ማክሰኞ በደቡብ ኦሞ፣ በበናዎች አገር፣ አልዱባ ገበያ ማር አይታጣም። በናዎች ዛፍ ላይ ከሰቀሉት ቀፎ የቆረጡትን ከነሰፈፉ ይዘው ይመጣሉ። የማር ቅል በተቀመጠበት ደግሞ ሕፃን አይጠፋም።

እስቲ አስቡት፤ ልጁ ጣቱን ነከር ያደርጋል። ጣቱን በደረቱ ይጠርጋል፤ ደረቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል። ዝንብ ሲያባርር ፀጉሩን ይነካል፤ ፀጉሩ ላይ የዶሮ ላባ ያርፋል። ፍየሏ ልትልሰው ትከተለዋለች። እናቱ ደርሳ ብትይዘው እጇ እጁ ላይ ይቀራል። ታዲያ ይህ የሥዕል መጽሐፍ ካልሆነ ምን ይሁን? ቤት መምታቱም አያስቸግርም፦ ጣቱ፣ ደረቱ፣ ፊቱ፣ እናቱ፤ ግጥሙ ራሱ እንደ ማሩ እየተሳበ ይሄዳል።

እንዲህ አንዱ ጉድ ሌላውን የሚጎትትበት የልጆች መጽሐፍ አለን፤ የልጆች መጻሕፍት ደራሲው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በሥዕል አስውቦ አሳትሞልናል። ማሞ የእናቱን ምክር በማግስቱ ለማይሆን ነገር እያዋለ ጥፋት በጥፋት ላይ ይደርባል። ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ጉድ ቀድሞ ሲያውቅ ነው የሚፈነድቀው፤ ገጹን ለመግለጥ የሚቸኩለውም ለዚያ ነው። የንባብ ፍቅር ከዚህ ችኮላ ይወለዳል ባይ ነኝ። ይኸው ዮሐንስ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍትን አህያ በሚጎትተው ጋሪ ለልጆች ያደርስ ነበር።

አልዱባም እንዲህ ያለ ጋሪ ይገባታል። የማሩ ልጅ መጽሐፍ ግን በአማርኛ ብቻ አይሁን፤ በበና ልጆች አፍ መፍቻም ይጻፍ። ፍየሏ የበና ፍየል፣ ቅሉም የአልዱባ ቅል ይሁን።