ከኬኔዲ ማማ የተሰማው የሕፃን ድምፅ

አንባቢ ሆይ፤ መንገድዎ ወደ ኒውዮርክ የመራዎት እንደ ሆነ ከጆን ኤፍ. ኬኔዲ አይሮፕላን ማረፊያ በችኰላ አይውጡ። ሻንጣዎን ከተቀበሉ በኋላ ጊዜ ቢተርፍዎ በቅጥሩ ውስጥ ወደሚገኘው የቲ.ደብልዩ.ኤ. ሆቴል ጐራ ይበሉ። ክንፉን የዘረጋ ወፍ የሚመስለውን ይህን ሕንፃ የነደፈው ኤሮ ሳሪነን የተባለው አርክቴክት ነው። በ1962 የመንገደኞች ማስተናገጃ ሆኖ ተከፈተ፤ በ2019 ደግሞ ሆቴል ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከሆቴሉ ሰገነት ላይ ሆነው ሲመለከቱ አይሮፕላኖች እየተከታተሉ ሲያርፉና ሲነሡ ያያሉ። በጃማይካ ቤይ ዳር የተዘረጋው ይህ ስፍራ ቀድሞ አይድልዋይልድ የሚባል የጐልፍ መጫወቻ ሜዳ ነበረበት። የመንገደኞች በረራ በጁላይ 1948 ተጀመረ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኖቬምበር 1963 ከተገደሉ በኋላም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በስማቸው ተሰየመ። ማረፊያው 4 መንደርደሪያዎች ሲኖሩት ረዥሙ 4,400 ሜትር ያህል ነው። ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስበው ግን ከ1994 ጀምሮ የሚሠራውና 98 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የመቈጣጠሪያ ማማ ነው።

በዚያ ማማ ጫፍ፣ ዙሪያውን በመስታወት በተከበበው ክፍል ውስጥ፣ የበረራ ተቈጣጣሪዎች ሥራቸውን ተከፋፍለው ይቆማሉ። አንዱ በምድር ላይ የሚንቀሳቀሱትን አይሮፕላኖች ይመራል፤ ሌላው መንደርደሪያውን ይዞ ማን እንደሚያርፍና ማን እንደሚነሣ ያዛል። አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ፓይለቱ የሬዲዮውን ሞገድ ለውጦ በሎንግ አይላንድ፣ በዌስትበሪ ከተማ ተቀምጦ በራዳር ብቻ ለሚያየው ለሌላ ተቈጣጣሪ ይተላለፋል።

እንግዲህ በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2010፣ የኒውዮርክ ተማሪዎች ዕረፍት ላይ በነበሩበት ሳምንት፣ ከዚህ ማማ የወጣው ትእዛዝ የሕፃን ድምፅ ነበረ። ልጁ፣ «ጄትብሉ 171፤ ለመነሣት ተፈቅዶልሃል» አለ። አንድ ተቈጣጣሪ ልጁን ወደ ሥራ ቦታው ይዞ መጥቶ፣ የሚናገረውን ቃል እየነገረው በሬዲዮ አነጋግሮት ኖሯል። ሌላውንም አይሮፕላን ወደ ዌስትበሪ ሲያሰናብት በስፓኒሽ ቋንቋ «አዲዮስ» አለው። ፓይለቶቹ ሳቁ፤ አመሰገኑትም። አባትየውም ተማሪ ቤት ሲዘጋ የሚመጣው ይህ ነው ብሎ ቀለደ። በማግስቱም ሌላ ልጅ እንዲሁ እንዲናገር ተደረገ።

ነገሩ በዚህ አልቀረም። የሬዲዮው ንግግር ተቀድቶ ኖሮ በማርች ወር በዓለም ሁሉ ተሰማ። የአሜሪካ ፌዴራል የአቪዬሽን አስተዳደር ምርመራ ጀመረ፤ ተቈጣጣሪውና አለቃው ከሥራ ገለል እንዲሉ ተደረገ፤ ምርመራው እስኪያልቅም ለይፋ ሥራ ያልሆነ ጉብኝት ታገደ።

ያን ጊዜ አንዳንዱ ሰው፣ «ምን ተጐዳ? አባት አጠገቡ ቆሞ አልነበረምን?» አለ። ሌላው ደግሞ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለ ተቈጣ። እርስዎስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከየትኛው ወገን ይቆማሉ? ከመፍረድዎ በፊት ልጁ የተነገረውን ቃል ሳያዛንፍ መናገሩን ያስቡ። ስለዚህ ጥያቄው ያለው ከልጁ አንደበት ላይ ሳይሆን ከቃሉ ክብደት ላይ ነው።

«መነሣት» የሚለው ቃል በዚህ ሥራ ውስጥ እንደ ዋዛ የሚነገር አይደለም። በማርች 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ፣ ጭጋግ በሸፈነው መንደርደሪያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኬ.ኤል.ኤም. አይሮፕላን የተነገረው ከተነሣ በኋላ የሚከተለው መንገድ ብቻ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን የመነሣት ፈቃድ ሳያገኝ ተንደረደረ። ማማው ቆይ ሲለውና የፓን አሜሪካን ፓይለት ገና መንደርደሪያው ላይ ነን ሲል ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ስለ ተናገሩ ድምፁ ተደበላልቆ ጩኸት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ፈቃዱ በእርግጥ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር እንዳይነገር ተደነገገ። ፓይለቱ ድንገት ጥያቄ ቢጠይቅ ሕፃን ምን ብሎ ይመልሳል? አባት ድምፅ ማጉያውን ከልጁ እጅ እስኪቀበል የሚያልፉት ጥቂት ሰኮንዶች እንኳ ብዙ ነገር ይወስናሉ።

ለልጅ ማዘን ወዴት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ከዚህ የከፋ ታሪክም አለ። በማርች 23 ቀን 1994 ከሞስኮ ወደ ሆንግ ኮንግ ይበር የነበረው የኤሮፍሎት ኤርባስ ኤ310 በሳይቤርያ ሰማይ ላይ ሳለ፣ አንድ ካፒቴን ልጆቹን ተራ በተራ በመቀመጫው ላይ አስቀመጠ። ወንዱ ልጅ መሪውን ሰላሳ ሰኮንድ ያህል ሲጫነው አይሮፕላኑን በራሱ የሚነዳው መሣሪያ የክንፉን መቈጣጠሪያ ለቀቀ። ይህን ያመለከተው ድምፅ የሌለው መብራት ብቻ ስለ ነበረ ማንም አላስተዋለውም። አይሮፕላኑ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 75 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በዚያም አባት አጠገባቸው ነበረ።

ይህን ስንል ልጆች ከሥራችን ይራቁ ማለታችን አይደለም። በአባቱ ሙያ የሚኰራ ልጅ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ፍላጐቱንም ማርኪያ ሌላ መንገድ አለ። በአሜሪካ ወጣቶች የበረራን ሙያ የሚቀምሱበት ትምህርት በክረምት ይሰጣል፤ ከኬኔዲ ብዙም በማይርቀው በጋርደን ሲቲም ለልጆች የሚስማማ የአቪዬሽን ሙዚየም አለ። የማማውን ንግግር በኢንተርኔት ማዳመጥም ይቻላል፤ የዚያ ልጅ ድምፅ የተቀዳውም በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ልጅዎን ይዘው ከሰገነቱ ላይ ይቀመጡ። ማን ሊነሣ ማን ሊያርፍ እንደ ሆነ ይገምት፤ ያዳምጥም። መናገር ግን በኦክላሆማ ሲቲ ባለው ትምህርት ቤት ሠልጥኖ፣ ተፈትኖና አድጎ ይድረስበት። በማማውና በፓይለቱ መካከል ያለው እምነት በድምፅ ብቻ የተሠራ ነውና፣ ያን ድምፅ የሚያሰማው ሰው ለቃሉ ራሱ የሚጠየቅ መሆን አለበት።